ጫማዋን ይዛ የምታለቅሰው ሀያት

ዛሬ ቀትር ላይ የሦስት ዓመቷ ሀያት፣ ጫማዋን ላወልቅላት ስል እጄን ነከሰችኝ።

ወልድያ ውስጥ በአንድ የሕፃናት ማቆያ ሞግዚት ነኝ። ሀያት ከመርሳ የመጣችው በቅርቡ ነው። ምሳዋን በልታ ትጫወታለች፤ የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ግን ጫማዋን ይዛ ታለቅሳለች። ሌሎቹም ይከተሏታል። (ክፍል ሙሉ ሕፃን አንድ ላይ ሲያለቅስ ያልሰማ ሰው ደከመኝ አይበል።)

ሲያቅተኝ እናቷ ጋ ደወልኩ።

"ሀያት ቤት ስትተኛ ጫማ አታወልቅም እንዴ?"

"እኔ ነኝ ያስለመድኳት እህቴ። መርሳ እያለን ሌሊት ተኩስ ሲሰማ በባዶ እግሯ ሮጣ እሾህ ወጋት። ከዚያ ወዲህ ከነጫማዋ ነው የማስተኛት።"

ስልኩን ዘግቼ አጠገቧ ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ።

"ሀያትዬ፣ እኔ ጫማ አድርጌያለሁ። መሮጥ ከመጣ አዝልሻለሁ፣ እሺ?"

አየችኝ። "ትችያለሽ?"

"እችላለሁ።"

"እስቲ እዘይኝ።"

አዘልኳት። ግቢውን ስንዞር ቆየን፤ ወገቤን እስካሁን ያመኛል። በመጨረሻ ጀርባዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሳስተኛት ጫማዋን ማውለቅ እችል ነበር። አላወለቅኩም። ነቅታ ባዶ እግሯን ብታገኘው ሁለተኛ አታምነኝም። ሶሉን በጨርቅ ጠርጌ ብርድ ልብሱን አለበስኳት።

እናንተስ፣ የፈራ ልጅ እንዴት ነው የምታስተኙት? የሞከራችሁትን ንገሩኝ፤ ነገም ቀትር አለ።