ሞቷል የተባለው ፖምፓ

የበደለኝ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው፤ ባሌ በሞተ በአርባኛው ቀን፣ ተዝካሩን እየበላ። «የመኪናዋ ፖምፓ ሞቷል» አለ፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው እየሰማ። «ወንድሜም ያውቅ ነበር። ነቅለን ካርቡራተር እንግጠምላትና ትገላገል።»

ትገላገል ያለው እኔን ነው፣ አጠገቡ ተቀምጬ።

መኪናዋ ባሌ የተወልኝ አሮጌ የጀርመን መኪና ናት። ቤንዚኑን ለሞተሩ የሚረጭላት ኮምፒውተር ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነ ፖምፓ ነው። ብዙ ሰው እሱን አስነቅሎ ካርቡራተር አስገጥሟል፤ አንዴ የተነቀለ ደግሞ ተመልሶ አይገኝም። ባሌ እምቢ ብሎ ኖረ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኮፈኑን ይከፍታል። እኔ መሪው ላይ ተቀምጬ ቤንዚን እረግጣለሁ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል። «ርገጪ። ልቀቂ። ርገጪ።» ከፍቅር ቃል ይልቅ ይህን ብዙ ሰምቻለሁ።

ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይከራከርም፤ ቁልፉን ሰጠሁት። አየር ጤና ወዳለው ጋራዡ ወሰዳት። በሳምንቱ፣ እዚያው አጠገብ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ «ለፖምፓው ገዢ አግኝቷል» አለችኝ።

ታክሲ ይዤ ደረስኩ። ኮፈኑ ተከፍቷል፣ እሱም መፍቻ ይዞ ጎንበስ ብሏል። ፖምፓው ግን ገና ከቦታው አልተነሳም። 

«አስነሳት» አልኩት።

«እትዬ፣ ጥቁር ጭስ ነው የምትተፋው። ካሻሽ እዪው።»

ተነሳች። ጭስ የለም። ቆይታ፣ ሞተሩ ሲሞቅ፣ ጥቁሩን ለቀቀችው።

«ይኸው!»

«ሲቀዘቅዝ ደህና፣ ሲሞቅ ሬሳ? የሞተ ነገር ሰዓት ይመርጣል እንዴ?»

የጋራዡ ሠራተኞች ሳቁ።

ፖምፓው ጎን ላይ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ቤንዚኑን የሚቀንስ ትንሽ ክፍል አለ። አቧራ ሲገባበት ይጣበቅና ቤንዚኑ ይበዛል፤ ጥቁሩ ጭስ ከዚያ ነው። ባሌ በየጊዜው ያጥበው ነበር፣ ሳህኑን የምይዝለት እኔ ነበርኩ፤ ከታመመ ወዲህ ግን ማንም አልነካውም። አስፈትቼ በቤንዚን አጠብኩት። በጣቴ ስገፋው መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ኋላ ወረደ፣ ተመለሰም።

ገጠሙት። ሞተሩ ሞቀ። ጭሱ ሳሳ፣ ሳሳና ጠፋ። ድምፁ የእሁዱ ድምፅ ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሰውነቴ ቀለል ሲለኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

«እኔኮ ላንቺው ብዬ ነው» አለ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። ኮፈኑን ዘጋሁት።

መኪናዋን ነድቼ ቀራንዮ፣ ቤቴ ገባሁ። የባሌን ሙት ዓመት ስደግስ ድንኳኑ ሰፊ ነበር። ወንድሙን ግን አልጠራሁትም።