የጊዜያዊው ፎልደር ነዋሪ

በካርታ ሥራ ቢሮው ውስጥ «ወይዘሮ መጥረጊያ» ሲባል ማን እንደሆነች የማያውቅ የለም። እሷም ስሙን ለምዳዋለች፤ ሲጠሯት አቤት ትላለች። ሥራዋ ሠራተኛው ሁሉ በጋራ የሚጠቀምበትን ሰርቨር መጠበቅ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣላት ደግሞ በየወሩ መጨረሻ ጊዜያዊውን ፎልደር ስለምትጠርግ ነው። ወር ሙሉ ሳይከፈት የከረመ ፋይል እዚያ ከተገኘ አለቀለት። አማላጅ መላክ አይሠራም። አንዴ አለቃዋ የልጁን የሠርግ ፎቶዎች እዚያ ረስቶ ተጠርገው ሄዱ፤ ሰውየው ለወራት አኩርፏት ከረመ።

አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር አጠገቡ ወንበር ስባ ትቀመጥና ታስረዳዋለች። «የግልህ ፎልደር ጠባብ ነው፤ ሥራ ስትለቅ አብሮህ ይዘጋል። የጋራው ሁላችንም የምንገባበት ነው፤ የሥራ ነገር የሚቀመጠው እዚያ ነው። ጊዜያዊው ሰፊም ፈጣንም ነው፤ ግን ቤት እንዳይመስልህ!» ሰውየው እሺ እሺ ይላል፤ ከዚያ ዞር ስትልለት ያለ የሌለውን ጊዜያዊው ውስጥ ይከታል። ነገሩን ስለለመደችው አትናደድም። ብዙም አትናደድም ቢባል ይሻላል።

በጋሼ ግን አንጀቷ አይጨክንም። ጋሼ የቢሮው አንጋፋ ካርታ ነዳፊ ናቸው፤ ወንዞቹን በእግራቸው ተከትለው የሳሉ ሰው። የዕድሜ ልክ ሥራቸው የት የተቀመጠ ይመስላችኋል? ጊዜያዊው ውስጥ! የግላቸው አልበቃቸውም፤ የጋራውን አያምኑትም። «እነዚህ ልጆች እጃቸው አያርፍም፤ ወንዜን ያጣምሙብኛል» ይላሉ። ሕጉን አሳምረው ስለሚያውቁ ዘዴ ዘይደዋል። ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ይቀመጡና ካርታዎቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ ይዘጋሉ። «እንደምን ሰነበታችሁ» ሲሏቸው የሰማ አለ። እሷ በበሩ ስታልፍ ታያቸዋለች፤ ሳቋም እንባዋም እኩል ይመጣል።

«ጋሼ፣ ኧረ እባክዎ ወደ ጋራው እናዛውራቸው።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ እያለሁ ምን አስቸኮለሽ?»

ታዲያ ጋሼን የሐሞት ጠጠር አጣደፋቸውና ሆስፒታል ገቡ፤ ቀዶ ሕክምናም ተደረገላቸው፤ ቁስሉ አልሽር ብሎ ከወር በላይ እዚያው ተኙ። ቢሮው ብርቱካኑን እየያዘ ሊጠይቃቸው ጎረፈ። ስለ ካርታዎቹ ያሰበ ግን አልነበረም፤ እሷም ብትሆን። የመጥረጊያው ቀን ነገ ሊሆን፣ ሊጠፉ የተሰለፉትን ፋይሎች ስታይ የጋሼ ወንዞች በሙሉ እዚያው አሉ። ክው አለች።

የሰው ፋይል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማዛወር ክልክል ነው፤ ሕጉን ያወጣችው ደግሞ ራሷ ናት። ለጋሼ ሲሆን ብታልፍ አለቃዋን በምን ዓይኗ ልታየው ነው? አንዴ ከተጠረገ በኋላ ደግሞ መልሶ ማግኘት የለም፤ ለጊዜያዊው ቅጂ አይያዝለትም። ላፕቶፗን በብብቷ ሸጉጣ ወደ ሆስፒታሉ ከነፈች።

ጋሼ ትራስ ተደግፈው ነበር፤ ጉንጫቸው ገባ ብሏል። ስትነግራቸው አልደነገጡም። 

«እኔ እዚሁ ብቀር ኖሮ ማን ይከፍታቸው ነበር?» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ክፉ አይናገሩ!»

«እየጠየቅኩሽ ነው ልጄ። ሰውየው ሲሄድ ሥራው የሚቀረው የቱ ጋ ነው?»

«የጋራው ላይ» አለች። «ሰው ይነካብዎታል፣ አልዋሽዎትም። ግን ይኖራል።»

ጋሼ በረጅሙ ተነፈሱ። «መቼም ወንዙ ራሱም መንገዱን ይቀይራል። በይ አምጪው፤ እኔው ልጫነው።»

ላፕቶፑን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ጣታቸውን ሰድደው ተጫኑ። ካርታዎቹ ወደ ጋራው መሻገር ጀመሩ፤ እሷም ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ትከሻቸውን ሳመች። ፋይሎቹ እስኪያልቁ ሲጠብቁ ጋሼ ቀና ብለው አዩዋት።

«የአንቺስ?»

«የእኔ ምን?»

«ሰርቨሩ ሲያመው መድኃኒቱን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። የሆነ ቦታ ጽፈሽዋል?»

«እንዴታ! ከሀ እስከ ፐ ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ የግሌ ፎልደር ው...» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

ጋሼ የተሰፋውን ሆዳቸውን ደግፈው ይስቁ ጀመር። ያማቸዋል፤ ግን ማቆም አልቻሉም። የእሷ ፊት ቲማቲም መሰለ።

«ለምን እዚያ ደበቅሽው?» አሉ ሳቃቸው ሲበርድ።

«ሰው እንዳያበላሽብኝ ፈርቼ» አለች በቀስታ።

ጋሼ ላፕቶፑን ወደ እሷ አዞሩና ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው አልጋው ጠርዝ ላይ ቦታ ለቀቁላት።