መሬት የተጎተተላት አገር

ፌርፋክስ፣ ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር፣ ከእህቴ ጋር እየኖርኩ ሥራዬ ግን ራቅ ብላ ባለችው ቶራንስ ከተማ ነበር። ዳሌያቸው ተሰብሮ ኦፕራሲዮን የተደረጉ ጃፓናዊ አዛውንት ቀን ቀን እንከባከባለሁ። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ጠዋት ወደ ቢሮዋ ስትወጣ፣ «ፕሊስ፣ ዛሬ እንኳ ከወንበሩ አስነሺልኝ» ትለኛለች።

እሳቸው ግን አይነሱም። ጡንቻ ማጠንከሪያ እንዲሆናቸው ከሆስፒታል የተሰጣቸውን ሰፊ ላስቲክ ገና ሲያዩት ፊታቸውን ያዞራሉ። ተስፋ ቆርጬ ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምሬ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ እያቀረብኩ የት እንደተወለዱ ጠየቅኋቸው።

«ኢዙሞ» አሉ። ከ«አልፈልግም» ሌላ ብዙ ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። «በጣም ጥንታዊ አገር ነው። አማልክት የሠሩት።»

ጴንጤ ነኝና አማልክት ሲባል ትንሽ ደንገጥ አልኩ፤ ቢሆንም አዳመጥኩ። ኢዙሞ ድሮ እንደ መቀነት ጠባብ ነበረች አሉኝ። አንድ አምላክ አዘነላትና ከባሕር ማዶ ትርፍ መሬት በአካፋ ቆርጦ፣ በገመድ አስሮ፣ እየጎተተ ቀጠለላት።

«ሲጎትት ምን ይላል?»

«ና ይለዋል መሬቱን። ና፣ ና!»

«እንደ በሬ?»

ሳቁ። ቶሎ ብዬ የላስቲኩን አንድ ጫፍ ያዝኩና ሌላውን ዘረጋሁላቸው። «እስቲ ያሳዩኝ።»

ተንኮሌ ገብቷቸዋል፤ ዓይናቸው ይናገራል። ግን ጎተቱ። እሳቸው በጃፓንኛ፣ እኔ በአማርኛ «ና! ና!» እያልን እስኪያልባቸው ጎተትን።

በማግስቱ ላስቲኩን ራሳቸው ጠየቁኝ። ከክንድ ወደ እግር አለፍን። ከእግር ወደ መቆም ለመድረስ ሳምንታት ፈጀ፤ ሁለቴ ተናደው አባረሩኝ፣ ሁለቴም ይቅርታ ጠየቁ። አንድ ቀን ማታ ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ በሩን የከፈቱላት እሳቸው ነበሩ። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ አቅፋቸው አለቀሰች። እኔ ኩሽና ገብቼ፣ የታጠበ ብርጭቆ ደግሜ አጠብኩ።

ባለፈው ጥቅምት አባትና ልጅ ኢዙሞ ሄዱ። ከዚያ ሆነው በቪዲዮ ደወሉልኝ። ሽማግሌው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ባሕሩ ዳር ቆመዋል፤ ነፋሱ ድምፃቸውን እየወሰደባቸው ጮኹ፦

«ሰኞ እንመለሳለን! ማክሰኞ ጠዋት ጥሩ ጫማ አድርገሽ ነይ፤ ሩቅ ነው የምንሄደው!»