የደመናው ገበር

ያንን ደብተር ባየሁት ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። ጥቁር ነው፣ ልባሱ ጠንካራ፣ ጠርዙ በእጄ ወዝ የጠቆረ። ሰባት ዓመት ሙሉ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ለቀምኩበት። ሌላው መምህር ከሥራ በኋላ ካርታ ሲጫወት፣ ሌላዋ ሹራብ ስትሠራ፣ እኔ እንጅባራ ውስጥ ባለች አንዲት የኪራይ ክፍል ተቀምጬ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ፈረንጅ ስለ ዝናብ ምን እንደሚል እጽፍ ነበር። ድመትና ውሻ ዘነበ ይላል። ዝናብ በማያጣው አገር ተወልጄ፣ ዝናብን ለመጥራት ድመት ያስፈለገኝ ምን ነክቶኝ እንደሆነ ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። በሽታው የእኔ ብቻ አልነበረም። በእኛ ትምህርት ቤት ሰው የሚለካው በፈሊጡ ነው። ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ሲከፍት ኳሷ በእናንተ ሜዳ ናት ይላል፤ ሲዘጋም ኳሷን እዚያው ትቷት ይሄዳል። በየቀኑ አንድ ፈሊጥ በስልክ የሚልክ ቻናል አለ፤ ጠዋት መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሁላችንም ያችኑ የዕለቷን ፈሊጥ አፋችን ውስጥ ስናገላብጥ ማየት ነበር። ሌላ ሰው አኝኮ የተፋውን ማስቲካ የመቀባበል ያህል ያስጠላል፤ ያኔ ግን ጣፍጦኝ ነበር።

አንድ ቀን የባልደረባችን አባት ሞተው ለቅሶ ደረስን። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው መምህር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ሽማግሌው ባልዲውን ረገጡት አለኝ በእንግሊዝኛ። ሞቱ ማለት ነው፤ ያውም ለቀልድ የሚባል። ልጃቸው ፊት ለፊታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። እኔ ምን አደረግሁ? ሳቄን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ቤቴ ገብቼ «ባልዲ» የሚለውን ገጽ ከፈትኩና ጎኑ ላይ «ለቅሶ ቤት አይባልም» ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ነበርኩ። የሰው ሐዘን ለእኔ የግርጌ ማስታወሻ ነበር።

ተማሪዎቼንም በክዬአለሁ። አንዲት ልጅ በአንድ ገጽ ድርሰት አሥራ አንድ ፈሊጥ ጠቅጥቃ ስታመጣ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። በማግስቱ ያችው ልጅ ሆዷን ይዛ ተነሳች። በክፍሌ ውስጥ ከእንግሊዝኛ በቀር መናገር ክልክል ነው። ታምሜአለሁ፣ ልውጣ ማለት አቃታት። አሥራ አንድ ፈሊጥ የምታውቅ ልጅ «አሞኛል» የምትልበት ቃል አጣች። እኔ ደግሞ ክንዴን አጣምሬ ጠበቅኋት። በሩ ላይ አስመለሳት። እሷን ከማስመለሱ በፊት እኔን ቢያስመልሰኝ ይሻል ነበር። ግን አልገባኝም፤ ገና የሚብስ ነበረብኝ።

የሚብሰው አምና ግንቦት ላይ መጣ። ስማቸውን የማልጠራቸው የአንድ ድርጅት እንግዶች፣ ሁለት ፈረንጆች፣ ዛፉ ስለታመመባቸው ገበሬዎች ሊሰሙ አዲስ ቅዳም ወደምትባል ከተማ አካባቢ መጡ። ዛፉ ዲከረንስ ነው። በዚያ አካባቢ ለከሰል የሚተከል፣ በአምስት ዓመት የሚደርስ፣ ስንቱን ቆርቆሮ ቤት ያሠራ፣ ስንቱን ልጅ ያስተማረ ዛፍ። በኋላ ግን ቅጠሉን ዝገት የመሰለ ነገር ያለብሰው፣ እያጠወለገ ያደርቀው ጀመር። እንግዶቹ ከአውኚ፣ ከአካባቢው የአገው ቋንቋ፣ በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው ፈለጉ። ወረዳው ትምህርት ቤቱን ጠየቀ፤ ርዕሰ መምህሩም ያለ ማመንታት እኔን ላከ። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል እንዲሉ፣ በእኛ ግቢ ከእኔ በላይ እንግሊዝኛ አዋቂ አልነበረም።

ቀበሌው እንዲናገሩለት የመረጠው ሰው አጎቴ ሆነው ተገኙ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባቴ ቀድሞ ስለሞተ አሳድገው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ የእንግሊዝኛ መጽሐፌን ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ያደርጉኝ ነበር። አንድ ቃል የሚገባቸው አይመስለኝም ነበር። ማጭዳቸውን እየሳሉ «እህ፣ እህ» እያሉ ያዳምጣሉ። ስደናቀፍ ግን በድምፄ ይነቁብኝና «እሱን ድገሚው» ይሉኛል።

አጎቴ ገበያ ላይ አማርኛ ይናገራሉ፤ ቁም ነገር ሲሆን ግን በአውኚ ነው። ማሳቸው ዳር ቆመው፣ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ሳይቸኩሉ ተናገሩ። ያሉት ይኸው ነው፤ ዛሬም ቃል በቃል አልረሳሁትም።

«ይህን ዛፍ የተከልነው ገብሳችንን ትተን ነው። ትከሉ አላችሁን፣ ተከልን፣ ጠቀመንም፤ አልዋሽም። አሁን ግን ታሟል። እንዳልቀብረው አልሞተ፣ እንዳላስታምመው መድኃኒቱን አላውቅ። አንድ ነገር ብቻ ንገሩን። ይድናል ወይስ አይድንም? የሚድን ከሆነ እንጠብቅ። የማይድን ከሆነ ግን አሁኑኑ ቆርጠን፣ ጉቶውን ነቅለን፣ ሰኔ ሳያልፍ ገብስ እንዝራበት። የተማረ ሰው አለን ብለን ነው የምንጠይቃችሁ።»

የተማረ ሰው ሲሉ ወደ እኔ አዩ።

እኔ በዚያች ሰዓት የማስበው ስለ አንድ ፈሊጥ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ የምናገርበት ቦታ አጥቼ አፌ ውስጥ ይዤው የዞርኩት ፈሊጥ ነው። እያንዳንዱ ደመና የብር ገበር አለው ይላል። ኮት ከውስጥ ገበር እንዳለው ሁሉ፣ ከክፉ ነገርም ጀርባ ደግ ነገር አይጠፋም ለማለት። ፈረንጆቹ ቀና ብለው ሲያዩኝ ጉሮሮዬን ጠረግሁና አወጣሁት። እኚህ አባት የሚሉት፣ አልኩ፣ እያንዳንዱ ደመና የብር ገበር አለው ነው፤ ቢከፋም አገጫችንን ቀና አድርገን እንኖራለን። ከዚያም ሁለት ሦስት ተመሳሳይ ነገር ጨመርኩበት። ስለ መስጠምና ስለ መንሳፈፍ፣ ስለ ዋሻና ስለ ብርሃን።

እንግዶቹ ፊታቸው በራ። አንደኛዋ የገበሩን ነገር እንድደግምላት ጠየቀችኝና እየተናገርኩ ጻፈችው። ሌላው እንግሊዝኛ የት እንደተማርኩ ጠየቀኝ። እዚሁ አልኩት። ደረቴ ተነፋ። አጎቴ ጥያቄያቸው የተጠየቀ መስሏቸው በበትራቸው ተደግፈው ይጠብቃሉ።

ኋላ ለራሴ፣ እንግዶቹን ይዞ የመጣው የወረዳው ግብርና ባለሙያ አጠገባችን ቆሞ ስለነበር ጥያቄው እንዳያስቀይመው ፈርቼ ነው እል ነበር። ውሸት ነው። ሰውዬው በስልክ ኔትወርክ እየፈለገ ወዲያ ማዶ ነበር። ማንንም አልፈራሁም። የፈለግሁት መደነቅ ብቻ ነው።

ሊሄዱ ሲሉ ፈረንጅዋ የአጎቴን እጅ ይዛ ወደፊት እንተያያለን አለች። ይህች አባባል ደብተሬ ውስጥ አለች፤ ጎኗም ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ስንብት እንጂ ቀጠሮ አይደለም» ብዬ ጽፌባታለሁ። አጎቴ «ምን አለች?» አሉኝ።

«አይተን እንመለሳለን ብላለች» አልኳቸው።

«መልሱን ይዘው?»

«አዎ።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ይገባኛል። ጥያቄው አልደረሰም ማለት እኔ ምን እንዳልኩ መናገር ነበር። አንዷን ውሸት በሌላዋ ደገፍኳት፤ ቀለል ብሎኝም በሚኒባስ ወደ እንጅባራ ተመለስኩ። መንገዱ ዳር የከሰሉ ማዳበሪያዎች እንደ ወትሮው ተደርድረው ነበር፤ እኔ ግን ስልኬን አውጥቼ ስለ ቀኑ ለባልደረቦቼ እየጻፍኩ ነበር።

ሰኔ አጋማሽ ላይ አጎቴን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጎረቤታቸው ዛፉን ገርስሶ፣ ጉቶውን ነቅሎ፣ ገብስ ዘርቶበታል። የአጎቴ ማሳ ላይ ያ ዝገታም ዛፍ እንደቆመ ነው። ብነካው እጄን አቧራ የመሰለ ቡናማ ነገር አለበሰኝ፤ በቀሚሴ ጠረግሁት፣ አልለቀቀም።

«ጎረቤቴ ቸኮለ» አሉኝ። «እኔ ግን እንግዶችሽ መልስ ይዘው እንመለሳለን ብለዋል፣ የእህቴ ልጅ ናት የነገረችኝ አልኩት። ሳቀብኝ። አልላኩም?»

«ይልካሉ» አልኩ።

ያን ቀን ብናገር ኖሮ ለመዝራት ገና ሳምንት ሁለት ሳምንት ነበረ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የሰጡኝን ድንች በልቼ፣ ጨምረው በፌስታል ያሰሩልኝን ተሸክሜ ሄድኩ። ቤቴ ደርሼ ድንች ስልጥ ያ ቡናማ ነገር ጥፍሬ ሥር እንዳለ አየሁ። ድንቹን ለአከራዬ ሰጠኋት።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ መስከረም ላይ የድርጅቱ መጽሔት መጣ። የሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ ወፍራም። ሽፋኑ ላይ አጎቴ በበትራቸው ተደግፈው ቆመዋል፣ ከኋላቸው ግራጫ ደመና። ከሥራቸው በትልልቅ ፊደል እያንዳንዱ ደመና የብር ገበር አለው ይላል፤ ከዚያ በታች፣ የአንድ አዊ ገበሬ አባባል። ለትምህርት ቤቱም አንድ ተልኮ መምህራን ማረፊያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ባልደረቦቼ እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። ርዕሰ መምህሩ ለእንግሊዝኛ ክበባችን ግድግዳ ሽፋኑ ተቆርጦ ይለጠፍ አለ። ወጥቼ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ስደርስ አስመለሰኝ። በልቼ ስላልነበር የወጣው ሐሞት ብቻ ነው።

በመስቀል አጎቴ ቤት ሄድኩ። ለእሳቸውም አንድ ቅጂ የወረዳው ባለሙያ አምጥቶላቸዋል። በላስቲክ ጠቅልለው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው የእንጨት ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውታል። ገና ሳልቀመጥ አውጥተው ሰጡኝ።

«መልሱን ልከዋል መሰለኝ» አሉ። «የጎረቤት ልጆች ፊደሉን ይጠሩታል እንጂ አይገባቸውም። አንብቢልኝ።»

የሽፋኑን አነበብኩላቸው። በአውኚ ስመልሰው ምንም ትርጉም አልሰጠም፤ ደመና፣ ኮት፣ ብር። አጎቴ ትንሽ አሰቡ።

«ይህን ማን ነው ያለው?»

«እርስዎ ነዎት ይላል።»

«እኔ?»

እሳቸው መጽሔቱን ከእጄ ወስደው ቅጠሉን አንድ በአንድ ይገልጡ ጀመር። አረንጓዴ ዛፍ፣ የሚስቁ ሴቶች፣ አንድ ሰንጠረዥ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

«ጥያቄዬስ የት ጋ ነው የተጻፈው?»

ያኔ ተናገርኩ። አልጠየቅሁልዎትም አልኳቸው። የራሴን ነገር ነው የተናገርኩት፤ እንመለሳለንም አላሉም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ነው የመለስኩልዎት። ፊታቸውን ላለማየት ወደ በሩ ዞርኩ። በክፍት በሩ ማሳው ይታያል፤ የጎረቤቱ ገብስ ደርሶ ነፋስ ያወዛውዘዋል፣ የእሳቸው ዛፍ ግማሹ ደርቋል።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጡኝ እወድ ነበር። እሳቸው ግን መጽሔቱን መልሰው በላስቲኩ ጠቀለሉት፤ እጃቸው ጠርዙን ሲያስተካክል ቆየ።

«ከባድ ነበር?» አሉኝ በመጨረሻ። «ያልኩት ነገር በእንግሊዝኛ አይገባም?»

«ይገባል።»

«እስቲ በይው።»

የሚሰማን ፈረንጅ የለም። ቤት ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ነን። በእንግሊዝኛ አልኩት፤ ዛፋችን ታሟል፣ እንቁረጥ ወይስ እንጠብቅ? ከደብተሬ አንድም ቃል አላስፈለገኝም። ተናግሬ ስጨርስ ትንፋሽ እንኳ አላለቀብኝም።

አጎቴ እንደ ድሮው «እህ» አሉ። ከዚያ ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት።

«ይህንንማ አውቀዋለሁ» አሉ። «ዛፍ የምትለዋን ቃል፣ ታመመ የምትለዋን፣ ጠብቅ የምትለዋን። አራተኛ ክፍል ሆነሽ ታነቢልኝ የነበረው አይደለም?»

«ነው» አልኳቸው።