የጫሞው ዓሣ በአሞራ ገደል

እትዬ ታቢታ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ ቢላ ከጨበጡ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ደርግ በወደቀ ማግስት ባላቸው ሞቶባቸው ከወላይታ መጡና ሦስት ልጆች በቆሮሶ ዓሣ አሳደጉ። ሁለት የአገራቸው ሰዎች ሰላምታ ተለዋውጠው ሳይጨርሱ እሳቸው ቆዳውን ገፈው፣ አጥንቱን ለይተው ሥጋውን ያስረክባሉ። ታዲያ ወሬ አይሆንላቸውም። ስብሰባ ላይ ከኋላ ይቀመጣሉ፣ እጅ ሲወጣ እጃቸውን ያወጣሉ፣ ይሄዳሉ። የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ጸሐፊ በኃይሉ፣ «እኚህ ሴት ድምፅ አላቸው እንዴ?» እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

በ2003 ዓ.ም. የማኅበሩ ሊቀመንበር ጌታቸው፣ «የሐይቃችን ምርት በሦስት እጥፍ አደገ» የሚል ሪፖርት ለበላይ አካል ላከ። ማን ይከለክለዋል? ያን ጊዜ በወረቀት ላይ ያላደገ ነገር አልነበረም። ሪፖርቱን የጻፈው ደግሞ በኃይሉ ራሱ ነው፤ መረቡ ባዶውን እንደሚወጣ እያየ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የጌታቸው ግን እያደር ከበደ። ከበላይ የሚላኩ እንግዶች «መጥተን እንይ» አሉ።

ጌታቸው አልደነገጠም። በኃይሉን በአይሱዙ አርባ ምንጭ ላከው፤ ከጫሞ ሐይቅ ሰው የሚያክሉ ዓሦች በበረዶ ተጭነው መጡ። የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ብቻ ትልቅ ይሁን አሉ እንጂ የምን ዓይነት ዓሣ ነው ብሎ ያሰበ የለም። እንዲህ ያለው ዓሣ ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ኖሮ አያውቅም፤ ይህን ደግሞ አሞራ ገደል ያለ ሁሉ ያውቃል።

ከእንግዶቹ ጋር እንዲነጋገሩ የተመረጡት እትዬ ታቢታ ሆኑ፤ ዝምተኛ ናቸዋ።

«የእኛው ሐይቅ ነው ይበሉ፤ ሌላ ምንም አይጠበቅብዎትም» አላቸው ጌታቸው። ሳቅ ብሎም ጨመረበት፦ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እትዬ። ከማኅበሩ የወጣ ደግሞ እዚህ ቢላ አይዝም።»

እሳቸው ቢላቸውን እየሳሉ ሰሙት።

የእንግዶቹ አለቃ በማግስቱ ካሜራ አስከትሎ መጣ። ኮቱን ሰብሰብ አድርጎ ጠጋ አለና፣ «እናቴ፣ ይህ ዓሣ ከዚህ ሐይቅ ነው?» ሲል ጠየቀ።

እትዬ ታቢታ ትልቁን ዓሣ አገላበጡት። «የለም ጌታዬ። ይሄ እንግዳ ነው፤ እንደ እርስዎ በመኪና ነው የመጣው። የእኛዎቹ እነዚህ ናቸው» ብለው ከመዳፍ የማይበልጡ ሦስት ቆሮሶዎች አወጡ። «ድሮ ክንድ ያክሉ ነበር። እያለቁብን ነው፤ ይህን ለበላዮቹ ይንገሩልን።»

በኃይሉ ዲግሪ ይዞ ያልደፈረውን እኚህ ሴት ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ ተናግረውት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ስንት ዓመት አብሯቸው ሲውል ለካ አላያቸውም ኖሯል። ፈራ። የፈራው ግን ጌታቸውን አልነበረም፤ እሳቸውን ነው።

በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ነው፤ እትዬ ታቢታን ከማኅበሩ ማስወጣት።

«የሚደግፍ እጁን ያውጣ» አለ ጌታቸው። አርባ ሰባት ሰው ተቀምጦ አንድ እጅ አልወጣም። የሚቃወም ሲባልም አልወጣም፤ ሰው ልጅ አለው፣ ይፈራል። ጌታቸው ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «በኃይሉ፣ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል በል» አለ፣ እንደ ሁልጊዜው።

በኃይሉ ቃለ ጉባኤውን ወደ ራሱ ሳበ። ጻፈ። ተነሥቶም አነበበው፦ «አባሏ ይሰናበቱ የሚለውን ሐሳብ የደገፈ ሰው የለም።» ከዚያ ጌታቸው ተነሥቶ ሳይደርስበት መዝገቡን ለአባላቱ አቀበለ። መጀመሪያ የፈረመው ሰውዬ ላብ አጠመቀው። ሁለተኛው ቶሎ ፈረመ። ከዚያ በኋላ እስክሪብቶውን ይሻሙበት ጀመር።

መጨረሻ ላይ መዝገቡ እትዬ ታቢታ ዘንድ ደረሰ። ማንበብም መጻፍም አይችሉምና፣ «ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ። በኃይሉ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ቃል በቃል አነበበላቸው።

«እውነት ነው» አሉና አውራ ጣታቸውን አተሙ።