የሙራሴዎች ሲቃ

ኪዮታካ ሙራሴ በአርባ ስምንት ዓመቱ ጥርሱን ሽቦ ሲያሳስር ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ቶፉ፣ ማለትም የአኩሪ አተር አይብ፣ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ከቶፉው በፊት አፉን ያያል። ሰውየው በዚህች የተራራ ከተማ ቶፉ ሠሪም፣ የመኸር በዓል ዋሽንተኛም ነው፤ ሁለቱንም ከአያቱና ከአባቱ ወርሷል። ጎረቤቷ ጥርስ ላይ ተደርባ የወጣችውን የላይኛዋን የክራንቻ ጥርስም እንዲሁ። ይህችው ክራንቻ የታችኛውን ጥርስ እየፋቀች ስለጨረሰችው የጥርስ ሐኪሟ ኦንዳ፣ ወይ ትስተካከል ወይ የታችኛውን ተሰናበተው አለችው።

አሮጊቷ ደንበኛው ሱሚን ግን ነገሩ ተመቻቸው። "እሰይ፤ እኛን ስታበላ ኖረህ አሁን ገና የራስህን ቶፉ ልትቀምሰው ነው" አሉት። እውነትም ሽቦው በጠበቀ ሰሞን ከቶፉ ሌላ የሚያላምጠው አልነበረም።

የሙራሴዎች ዜማ መሐል ላይ የምትሰበር አንዲት ድምፅ አለች። ሻከር ብላ፣ ተንቀጥቅጣ፣ እንባ ጉሮሮውን እንደያዘው ሰው ትሆናለች። ሲቃዋ ይሏታል። የበዓሉ አለቃ አባባ ገንዞ እሷን ሲሰሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ከልብ ነው የምትመጣው፣ ልብ የሌለው አያወጣትም ባይ ናቸው። ከተማው ይህን ያምናል። ኪዮታካም ያምን ነበር፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚሁ እምነት ነው።

ሴት ልጁ ቺዙሩ ገና ትንሽ ሳለች ሲቃዋን አውጥታት ነበር። ያን ቀን አባቷ ከደስታው ብዛት የሚያደርገው ቢጠፋው ለሰፈሩ ቶፉ በነፃ አደለ። ክራንቻዋም የአባቷ ዓይነት ስለነበረች የክፍሏ ልጆች ሲስቁባት ከረሙና፣ በኋላ እናቷ ወስዳ ሽቦ አሳሰረቻት። ሽቦው ሲፈታ ጥርሷ አምሮ ተሰለፈ፤ ሲቃዋ ግን ጠፋች። ብትነፋ ብትነፋ የሚወጣው ጥርት ያለ ድምፅ ብቻ ሆነ። ኪዮታካ አልታገሣትም። ልብሽ ስልክሽ ውስጥ ነው አላት፣ ያውም በአባባ ገንዞ ፊት። ልጅቷ ዋሽንቷን በጨርቅ ጠቅልላ መሳቢያ ከተተች። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ የሚነጋገሩት ስለ ምሳና ስለ በር ቁልፍ ብቻ ነው።

የአባትየው ሽቦ የተፈታው በዓሉ ሲቃረብ ነበር። ቤት ገብቶ ዋሽንቱን አነሳ። ሲቃዋ የለችም። ከንፈሬ አልለመደ ይሆናል ብሎ ሰነበተ፤ አልመጣችም። ታዲያ የኔስ ልብ የት ሄደ? አለና ፈራ፤ የምሩን ፈራ።

ግን ነገር ካልገባው እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ቶፉው አንድ ቀን አልረጋ ቢለው ውሃውን፣ አኩሪ አተሩን፣ ድስቱን ሁሉ ሳይፈትሽ አይተኛም። አሁንም መስተዋት ፊት ቆሞ ከንፈሩን በጣቱ ገፋ፣ ዋሽንቱን አዘነበለ፣ አገጩን አወጣ። ምንም የለም። ዘወር ሲል የአያቱ ፎቶ፣ የሞቱ ዘመዶች ከሚታሰቡበት የቤቱ መሠዊያ ላይ ይስቃል፤ ያቺ ክራንቻ ከንፈራቸውን ገፍታ ወጥታለች። ክራንቻዋን ትኩር ብሎ አየ። ከዚያ ሽቦው ጉንጩን እንዳይወጋው ኦንዳ የሰጠችውን ሰም ፈልጎ አመጣና ጠፍጥፎ ክራንቻው ላይ ለጠፈው። ነፋ።

ሲቃዋ ወጣች። ትንሽ ጎርነን ብላለች እንጂ ራሷ ናት።

ደስ ሊለው ሲገባ ዋሽንቱን አስቀመጠ። ልብ ሲባል የኖረው ጥርስ ኖሯል፤ ከንፈር ገፍታ ትንፋሽን ለሁለት የምትከፍል ጥርስ። ልጅቷ ምንም አላጎደለችም ነበር።

ቺዙሩ ልብስ እያጣጠፈች አገኛት። ሰሙን እያሳየ ነገራት፤ ተንበርክኮም ግንባሩን ምንጣፉ ላይ አደረገ።

"ጥፋቱ የኔ ነው። ልብሽ የትም አልሄደም ነበር።"

ልጅቷ እጇ ላይ ያለውን ሸሚዝ አጣጥፋ ጨረሰች። "ነግሬህ ነበር እኮ አባዬ" አለችው በመጨረሻ። "አፌ ተቀየረ ብዬህ ነበር። ሰበብ አታብዢ አልከኝ።"

ብላው ነበር። አሁን ነው ያስታወሰው። ቢጨንቀው፣ ሰሙን ለጥፈን ለበዓሉ አብረን እንንፋ አላት።

"እኔ ሰም አልለጥፍም" አለች። "ከነፋሁ በዚሁ አፌ ነው።"

በበዓሉ ዕለት ዋሽንቷን ይዛ መጣች። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ቆመው ጀመሩ። የሲቃዋ ቦታ ሲደርስ ኪዮታካ ዋሽንቱን ከአፉ አወረደ፤ ሰሙ ኪሱ ውስጥ ነበር። ቦታውን ቺዙሩ ብቻዋን በጠራ ድምፅ አለፈችው። ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቁ የነበሩት አባባ ገንዞ ገለጡት።

"ሲቃዋስ? ይህች ልጅ ዛሬም ልብ የላትም?"

ኪዮታካ ያን ሁሉ ሰው አየ፤ ያኔም ሰው ፊት ነበር የተናገራት።

"ልብ ያልነበረኝ እኔ ነኝ፣ አባባ ገንዞ" አለ ሁሉም እንዲሰማው። "እሷ እውነቷን ነበር። እባክዎ ያዳምጧት።"

ቺዙሩ ዞር ብላ አላየችውም። ዜማውን ከመጀመሪያው አነሳችና፣ ዋሽንቷን ከከንፈሯ ሳታላቅቅ አብሯት እንዲነፋ በቅንድቧ ጠቀሰችው።