ቀዩ ካርድ እና የኦዲል ድስት

አልሞተም። የሰማሁት አሁን ነው። ስምንት ዓመት በተከታታይ ሲገደል የኖረው ረቂቅ ሕግ ዘንድሮ ከኮሚቴው ክፍል ነፍሱ ሳትወጣ ወጣ። አላለፈም፤ አለፈ የሚላችሁ ቢኖር አትመኑት። ግን አልሞተም። ያተረፈችውም ኦዲል ቬሬ ናት፤ ክሮፊሽ ቀቃይዋ ኦዲል። ከመኪናዋ ደውላ፣ እያለቀሰች እየሳቀች፣ ሁሉንም ከሥሩ ነገረችኝ።

እዚህ ፖይንት ሴሌስት፣ ወንዙ ከባሕር ጋር በሚገናኝበት ጭቃ ላይ፣ ኦዲልን የማያውቅ የለም። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ባሏ ኦሪስ ከሞተ ወዲህ እንጀራዋ ክሮፊሽ ነው፤ ያንን ጭቃ ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ጣት የሚያህል፣ ጥፍራም ፍጥረት በጆንያ በጆንያ ትገዛለች። ሰው ሊዋኝበት በሚችል ድስት ውሃ ታፈላና ቀይ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ድንችና በቆሎ ትጨምራለች። ሲበስል ጋዜጣ በተነጠፈበት ረጅም ጠረጴዛ ላይ ትገለብጠዋለች። ሳህን የለ፣ ሹካ የለ፤ ዳኛውም ዓሣ አጥማጁም ቆሞ በእጁ ይበላል።

ከኦዲል ጓሮ፣ ከኦሪስ መቃብር አርባ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ባለቤቶቹ ጥለውት የሄዱ የጋዝ ጉድጓድ አለ። ውሃው ላይ ቀን ከሌት አረፋ ይደፍቃል፤ የተጣደ ድስት ይመስላል፣ እሳቱን የሚያጠፋለት የሌለ። ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ሰማዩን እንደሚያሞቅ፣ የሞቀው ሰማይ ባሕሩን እንደሚያሳብጥ፣ ያበጠው ባሕርም መቃብራችንን እንደሚውጥ አልሲድ በየቤታችን እየዞረ አስረድቶናል። አልሲድ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የኦሪስን እህት ዩላሊን ነው ያገባው። ኩባንያዎቹ የሚያፈሰውን ጉድጓድ ሁሉ እንዲለኩና እንዲደፍኑ የሚያስገድደውን ሕግ በየዓመቱ ለኮሚቴ የሚያስቀርበውም እሱ ነው።

ታዲያ ኮሚቴው በሚሰበሰብበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አንዱ የጋዝ ኩባንያ ለተወካዮቹ በምክር ቤቱ ሣር ላይ የክሮፊሽ ግብዣ ይደግሳል። ቀቃይዋ ኦዲል ናት። ምግብ ምግብ ነው፣ ሕግም ሕግ ነው ብላ ነበር።

አምና እንዲህ ሆነ። የወረዳችን ተወካይ ደዊ ላባት፣ የጎረቤቷ ልጅ፣ ጣቶቹን እየላሰ ወደ ድስቱ መጣ።

«አክስቴ ኦዲል፣ ዘንድሮ በርበሬሽ ያስለቅሳል።»

«እንኳን አለቀስክ። ከሰዓት የአልሲድን ሕግ ምን ልታደርጉት ነው?»

ደዊ የአንዱን ክሮፊሽ ጭንቅላት ገንጥሎ መጠጠና ዙሪያውን ቃኘ። «ምርጫ ስወዳደር በየመንገዱ የተሰቀለውን ፎቶዬን ማን ያሰቀለው ይመስልሻል? እኔ ልቤ ከናንተ ጋር ነው።»

«ልብህ ከኛ፣ እጅህ ከነሱ።»

«እጄማ አሁን ከክሮፊሹ ጋር ነው» ብሎ ሳቀና ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ኦዲል ለተወካዮቹ ቀዝቃዛ ሻይ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ስታልፍ የኮሚቴው በር ገርበብ ብሎ ነበር። እዚያ ቤት ሕግ የሚደግፍ አረንጓዴ ካርድ፣ የሚቃወም ቀይ ካርድ ይሞላል፤ መናገር የማይፈልግ ሰው ስሙ ብቻ ይነበባል። ጸሐፊዋ ቀዮቹን እያነበበች ነበር።

«ኦዲል ቬሬ፣ ከፖይንት ሴሌስት። ትቃወማለች። መናገር አትፈልግም።»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አልሲድ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል፤ ዞር እንኳ አላለም። ሰምቶት የቆየ ነገር ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተወካዮቹን የሚያባብለው የኩባንያው ሰው ሚስተር ካርሊን በየዓመቱ ድስቱ ሲፈላ ጠብቆ ይመጣል። «ሚስ ኦዲል፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ይላታል። የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ ይመስላታል። መነጽሯን አታደርግም፤ በርበሬ የነካ እጅ መነጽር ከነካ ዓይን ይጠፋል፣ ይህን ቀቃይ ሁሉ ያውቃል። በሁለት ጣት እስክሪብቶውን ይዛ ትፈርምለታለች። እንዲህ እያለች የገዛ ጓሮዋ ጉድጓድ እንዳይደፈን ስትፈርም ኖራለች።

ዩላሊ ሰላምታ የነፈገቻት፣ በቤተ ክርስቲያን አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ መዋል የጀመረው ለምን እንደሆነ ያን ዕለት ገባት። የኦሪስን ጀልባ ለባዳ ስለሸጠች ያኮረፏት መስሏት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለፈውን ዓመት ዓመት አትበሉት። ኦዲል እስከ ዩላሊ በር ድረስ ሄደች። ዩላሊ በሩን ሳትከፍት፣ «ስምሽ ተነቧል፤ ሌላ ምን ትጨምሪበታለሽ?» አለቻት። አላወቅሁም ብትልስ ማን ያምናታል? ነሐሴ ላይ ማዕበሉ ሲመጣ ውሃው መቃብሩን ነቅሎ ኦሪስን ከነሣጥኑ አንሳፈፈው። ኦዲል እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ገብታ በጀልባ ገመድ ከዛፍ ጋር አሰረችው። ብቻዋን። እኛ ጎረቤቶቿ በመስኮት እያየን ነበር፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ውሃው ከጎደለ በኋላም ገመዱን አልፈታችም። አረፋው አጠገቧ ይደፍቅ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ድስቱን ጣደች፣ ክሮፊሹን ጨመረች፤ ከዚያ እጇን በሎሚና በጨው ሦስት ጊዜ ታጠበችና መነጽሯን አደረገች። ካርሊን ቀይ ካርዱን ይዞ መጣ።

«ሚስተር ካርሊን፣ ይሄ የመኪና ማቆሚያው ነው?»

«ያው ነው፣ ሚስ ኦዲል። ወረቀት ወረቀት ነው።»

«እንግዲያው አረንጓዴውን እሞላለሁ።»

የካርሊን ፈገግታ ፊቱ ላይ ደረቀ። «የበሉበትን ወጭት መስበር ከእርስዎ አይጠበቅም።»

«ወጭቱ የኔ ነው። የበላችሁት እናንተ ናችሁ።»

እሳቱን አጠፋች፤ አራት ጆንያ ክሮፊሽ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ትታ፣ ሽርጧን ሳትፈታ ገባች። ተወካዮቹ ባዶ ጋዜጣ ላይ አፍጥጠው ቆይተው በረሃብ ወደ ስብሰባው ገቡ።

ስሟ ሲጠራ ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። «ከዛሬ በፊት የተነበበው ስሜ ሳላነብ የፈረምኩት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ባሌን ከዛፍ ጋር በገመድ አስሬዋለሁ። ሌላ የምለው የለኝም። ደዊ፣ ልብህ ከኛ ጋር እንደሆነ ነግረኸኛል። እዚህ ቤት ግን የሚቆጠረው እጅ ነው።»

ሰብሳቢው፣ ሕጉ ይውደቅ የምትሉ እጅ አውጡ አለ። ስድስት እጅ ወጣ። ይቆይ የምትሉስ አለ፤ እዚያም ስድስት። አሥራ ሦስተኛው ደዊ ነው። ስልኩን አወጣ፣ አየው፣ አንገቱን ደፍቶ በጎን በር ወጣ። ስልኩ ግን አልጮኸም ነበር። እኩል ለእኩል ሆነና ሕጉ እስከ መጪው ረቡዕ ተላለፈ። በቃ፣ ይኸው ነው። ጀግንነት አይደለም፤ ግን በሌላው ዓመት ያ እጅ ከገዳዮቹ ጋር ነበር።

ካርሊን ደጅ ላይ ጠብቆ፣ ከእንግዲህ ኩባንያው እንደማይፈልጋት ነገራት። ክሮፊሹ በገዛ ውሃው ላሽቆ ተበላሽቷል። ድስቱን ብቻዋን ልታነሳ ስትታገል አልሲድ መጥቶ የድስቱን አንድ ጆሮ ያዘላት።

«ስምንት ዓመት ስረግምሽ ኖርኩ» አለ።

«እኔ ደግሞ በጀልባዋ ያኮረፍክ መስሎኝ።»

«እሷንም ቢሆን አልረሳሁም።»

ድስቱን ጭነው ሲያበቁ ኦዲል መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ረቡዕ ደዊ ለድምፁ እንደሚመለስ ታውቃለች፤ የሚጠሩት የኩባንያው ሰዎች ወደ እሱ የሚወስደውን መንገድ ያውቁታል። ለመጪው ዓመት ሥራ የላትም። ጉድጓዱም እስከዚያው ይደፍቃል።

ግን ስሟ በአረንጓዴው ተነቧል። ዩላሊ ይህን አልሰማችም፤ ስልክ አታነሳም፣ አልሲድም ከከተማ እስኪደርስ ይመሻል። አሥር ሰዓት ላይ የባሕሩ ውሃ ሞልቶ ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋዋል፤ አሁን ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። የቦት ጫማዬን አንድ እግር አግኝቻለሁ፤ ሌላው የት እንደገባ እንጃ፤ ባይገኝም በባዶ እግሬ ወደ ዩላሊ ነው የምሮጠው።